ጨረሰው አትበል

ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ ጣሪያውን ነክቶ በሚመለስበት ቦታ፣ የማሽላ ዛላዎች በልጥ ታስረው ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ጥላሸቱ ቀለማቸውን ስለበላው ነጩን ከቀዩ መለየት አይቻልም። ሽታቸው ግን አይጠፋም፦ የተቃጠለ አገዳ ጣፋጭ ጭስ፣ የቆየ እህል አቧራ፣ ከሥር ከሥር ደግሞ እዚያው ምድጃ ላይ ዓመት ከዓመት ሲንተከተክ የኖረ ወጥ። የወንድሜን ማድ ቤት በር አጎንብሼ ስገባ ይኼ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ቆሜ ቀረሁ። የወንድሜ ሚስት ጭሱ መስሏት «እርጥብ እንጨት እኮ ነው ያመጡልኝ!» እያለች ታዳፍነው ጀመር።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ውጫሌን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ የኛን ውርጌሳ የሚያገኛት ሐሳቡ ሌላ ጋ ሆኖ ነው። ሹፌሩ መርሳ ደርሶ ማንጎና ብርቱካን ለመግዛት ይቸኩላል፤ ተሳፋሪው ወልድያ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ያሰላል። በስተምዕራብ የአምባሰል ተራሮች፣ በስተምሥራቅ ወደ አፋር እየሞቀ የሚወርደው ቆላ፣ መሐል ላይ የማሽላ ማሳ። ትዝታን ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የቅኝት ስም አድርጎ ለአገር የሰጠው የወሎ ሕዝብ ልጅ ስለሆንሁ ይሆናል፣ ስለዚህ ማሳ ሳወራ ድምፄ ወደ እንጉርጉሮ ይሳባል። ያ ሽታ ያስታወሰኝ ነገር ግን እንጉርጉሮ አይደለም። ጠንከር ያለ፣ ቁጣ ቁጣ የሚል የአሮጊት ድምፅ ነው።

እማ እንላታለን፤ የአባቴ እናት ናት። ኅዳር ላይ ማሽላው ከመታጨዱ በፊት ብቻዋን ማሳው ውስጥ ትገባና ዛላውን አንድ በአንድ በመዳፏ ትመዝናለች። አረማሞ ያልነካውን፣ ፍሬው ግጥም ያለውን፣ አገዳው የማይጎብጠውን እየመረጠች ትቀነጥሳለች። እነዚህ አውድማ አይወርዱም። ከምድጃው በላይ ይሰቀሉና ጭስ ይጠጣሉ፤ ጭስ የጠጣ ዘር ነቀዝ አይደፍረውም። እኛ ልጆቹ ቀና ብለን ማየት እንጂ መንካት አይፈቀድልንም። ከእሷ በትር ይልቅ የሚያስፈራን ዝምታዋ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ጎታው ባዶ ይሆናል፤ በጣት ሲቆረቁሩት ይጮኻል። በቀን አንዴ የሚበላበት፣ ጎመን እህል የሚሆንበት ወር ነው። በዚያ ወር አንድ ቀን ምድጃው ዳር ቁጭ ብዬ ወደ ላይ እያየሁ ዘሩ ለምን አሁንም እንደተሰቀለ ጠየቅኋት። ሚያዝያ ላይ ተዘርቷል፣ አይቻለሁ፣ አባቴን ተከትዬ ዘር አቀብያለሁ። ታዲያ ይኼ የማነው? ጥያቄዬ የረሃብ ጥያቄ እንደሆነ ገብቷታል። «ያኛው ቢቀርስ?» አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ውርጌሳ ያለችበት የሐብሩ ወረዳ ገበሬ ዓመቱን በአንድ ዘር አይወራረድም። ሚያዝያ ዝናብ ከጣለ ደጋሊትና ጅጉርቴ የሚባሉት፣ ረጅሞቹና ብዙ የሚሰጡት ማሽሎች ይዘራሉ፤ እስከ ኅዳር መሬት ላይ ይቆያሉ። ግንቦትና ሰኔ አድርቀው ቡቃያው ከከሰመ ሐምሌ ላይ መሬቱ ይገለበጥና ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ ወይም ጤፍ ይገባበታል። እሱም ካልሆነ መስከረም ላይ ጥቁሩ አፈር ያቆረውን እርጥበት ተማምኖ ሽምብራ ይጣላል። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲሄዱ ከመንገድ ዳር ነው፤ ከሥራው አንዱ እነዚህኑ ቶሎ የሚደርሱ ዘሮች ማውጣት ነው፤ አንዱን በቅርባችን ባለው ሸለቆ ስም ጊራና አንድ ብሎታል። ለእማ ግን ምርምሩ ጣሪያዋ ሥር ነበር። አንደኛው ቢቀር ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ቢቀር ሦስተኛው። ሰማዩ ደግ ነው ብላ አታውቅም። ሰማዩን ስትሰድበው ነው የኖረችው፣ አላህ ይቅር ይበላትና።

ጥቅምት ላይ የኔ ሥራ ማማ ላይ መዋል ነው። አራት ቋሚ እንጨት፣ በላዩ ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ ገለባ፤ ከዚያ ላይ ሆኜ ማሳው ሁሉ ይታየኛል። በአንድ እጄ ወንጭፍ፣ ጎኔ የተከመረ ጓል፣ አንገቴ ላይ ጅራፍ። ግሪሳ ከመምጣቱ በፊት ድምፁ ይመጣል። ሰማዩ ላይ አንድ ጨርቅ እንደተቀደደ ያለ ሽውታ ይሰማል፤ ቀና ስትል ሺህ ወፍ እንደ አንድ ሰውነት ታጥፎ ማሳው ላይ ይወርዳል። ጓሉን ስትወረውር የመታኸው ጥግ ይነሳል፣ ሌላው ጥግ ይቀመጣል። ፀሐይ እስክትገባ እጅህ እስኪዝል ትወረውራለህ። መካከል ላይ ከምትጠብቀው ማሳ ጥንቅሽ ሰርቀህ ታኝካለህ። ይኼ ሌብነት ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ደመወዝ ነበር።

አንድ ቀን ግሪሳው አሸነፈኝ። እያለቀስሁ ወረድሁና ቤት ስደርስ «ወፍ ጨረሰው!» አልኋት።

እማ ከወፍጮዋ ቀና ሳትል «ጨረሰው አትበል» አለች። «የቱን በላው?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም አይደለም። ሂድና እይ።»

ሄድሁ። የበላው ከወንዙ ወዲህ ያለውን የታችኛውን መደብ ነው። መንገዱ ዳር ያለው ቆሟል፣ ከአለቱ ሥር ያለውም ቆሟል። ተመልሼ ነገርኋት። «እንዲህ በል» አለችኝ፤ «ወፍ የታችኛውን መደብ በላው በል። ነገ ማማውን ወደ ላይ እንወስደዋለን።» ከዚያ ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች። አላቀፈችኝም፣ አይዞህም አላለችኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማታ ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ምን ቀረ?» ብላ ነበር፤ ምን ጠፋ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። መልሱን ለማወቅ ወደ ቤት ከመምጣቴ በፊት ማሳውን መዞር ነበረብኝ። ስዞር የሚቀረው ነገር ሁልጊዜም ከማማው ላይ ሆኜ ካሰብሁት ይበልጣል።

ከብዙ ዘመን በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ፣ መርካቶ ጫፍ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የማርቲን ሴሊግማንን በ1990 እንደ ፈረንጆች የታተመ መጽሐፍ ገዛሁ፤ በጎ በጎውን ማየት የሚለመድ ነገር ነው ይላል። ሰውየው ወጣት ሳለ በፈረንጆች 1967 ከስቲቨን ማየር ጋር ሆኖ በውሾች ላይ ሙከራ ሠርቷል። ምንም ቢያደርጉ ሊያስቆሙት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ ዝቅተኛ አጥር ብቻ ዘለው ማምለጥ በሚችሉበት ቦታ ሲደረጉ ብዙዎቹ ተኝተው ንዝረቱን ይቀበላሉ። ሴሊግማን ከዚያ ተነስቶ ወደ ሰው ሄደ፤ ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት ለራሱ ምክንያቱን እንዴት አድርጎ ይነግራል የሚለውን መረመረ። አንዱ «ሁልጊዜም እንዲህ ነኝ፣ ሁሉ ነገሬ አልቋል» ይላል። ሌላው «ይኼኛው፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ምክንያት ተበላሸ» ይላል። ሁለተኛው ቶሎ ይነሳል፤ አነጋገሩም በልምምድ ይያዛል። ታክሲ ውስጥ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ።

እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ሁለቱ ሰዎች በፈረንጆች 2016፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ ተመልሰው የጻፉት ነው። አንጎል ውስጥ ገብተው ሲያዩት ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኙት። ለረጅም ጊዜ ክፉ የወረደበት ፍጡር እጁን አጣጥፎ መቀመጥን አይማርም፤ እሱ ሳይማሩት የሚመጣ ነው። የሚማሩት ሌላውን ነው፦ የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል የሚለውን። ይህን ሳነብ እማ ለምን እንደዚያ ትቆጣ እንደነበር ገባኝ። ማልቀሱን ማንም አላስተማረኝም። ማሳውን መዞር ግን ጥቅምት በመጣ ቁጥር፣ ማታ ማታ እየተጠየቀ የሚሰጥ ትምህርት ነበር።

እዚህ ላይ ግን 1977ን ዘልዬ ብሄድ ውሸታም እሆናለሁ። በ1976 የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ክረምቱም ቀረ። አንደኛው ዘር ከሰመ፣ ሁለተኛውም ከሰመ፤ ለሦስተኛው አፈሩ ውስጥ እርጥበት አልነበረም። ጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ የያዘው ሞሐመድ አሚን ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ያነሱት ፊልም ዓለምን አዳረሰ። ወሎ ማለት ለዓለም ተኝቶ የሚሞት ሰው ማለት ሆነ። ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ከኛም ዘመድ ወደ መተከል ወርዶ ድምፁ የጠፋ አለ። እኛ ቤት ከምድጃው በላይ አንዲት ዛላ ቀርታ ነበር። አንድ ማለዳ እማ አወረደቻት። በእጇ አሸችና ፈጭታ ለኔና ለታናሽ እህቴ አጥሚት ሠራችልን። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። «ልጅ ከሌለ ዘር ለማነው?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

በማግሥቱ በእግሯ ወደ ጊራና ወረደች፤ እዚያ ወንዝ ዳር መሬት ያለው ዘመድ ነበራት። ዘር ለለመነ እምቢ አይባልም ነበርና በመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ይዛ ተመለሰች። ያን ቋጠሮ ግን አልበላነውም። ከምድጃው በላይ ተሰቀለ፤ ጎታው ባዶ እንደሆነ፣ እኛም ወደ ላይ እያየን። ዛላዋን ያወረደችበትን ቀንና ቋጠሮውን የሰቀለችበትን ቀን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የትኛው እንደከበዳት እስከ ዛሬ አልወሰንሁም። እሷ ራሷ ስለዚያ ዓመት ሲነሳ ታሪክ አታወራም። «የማይነጋ መስሏት ቋት ውስጥ…» ትልና ልጆች ስላለን ቀሪውን ትውጠዋለች። እኛ ደግሞ ቀሪውን እናውቀዋለን፤ ማጀት ገብተን እየተንከተከትን እንጨርሰዋለን።

አሁን ያ ማማ የለም። ወንድሜ መሬቱን ከፍሎ አንዱን ለሽንኩርት ያከራያል። ጥቅምት 2013 የበረሃ አንበጣ ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች ቆርቆሮና ጅራፍ ይዘው ወጥተው ነበር፤ አንበጣ ግን ግሪሳ አይደለም፣ አይደነግጥም። የዚያኑ ዓመት ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ገባ፤ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ውርጌሳ ስልክም መብራትም አልነበራትም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በየማታው የማይነሳ ቁጥር እደውላለሁ። በኋላ የወንድሜ ሚስት እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ ታጣቂዎች ቤት ለቤት እህል ሲጠይቁ ዘሩን ከጭሱ ላይ አውርዳ ቅል ውስጥ ከተተችና ቅሉን ዶሮ ቆጥ ላይ ሰቀለችው። ዶሮዎቹ ተበልተው ስላለቁ ወደ ባዶ ቆጥ ቀና ያለ የለም። እማን በሕይወት አላገኘቻትም። ከምድጃ በላይ መስቀሉን ማን አስተማረሽ ብላት «ምን ማስተማር አለው፣ እዚያው ነበር እኮ ሲሰቀል የነበረው» አለችኝ።

የሷ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው። የጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ አንድ ዓመት ጠፋበት። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን የተነሳው ሌላ ግጭት ደግሞ በተማሩበት ቀንና ባልተማሩበት ቀን መካከል ያለውን መስመር አጠፋው። እንዲህም ሆኖ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ተፈተነ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ቁጥር አገር ያውቀዋል። በ2015 መጀመሪያ በተሰጠው ከ896 ሺህ 520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ። በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። በዚህ ቁጥር ፊት ቆሞ አንድን ልጅ «ተስፋ አድርግ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ አለዚያም የአዳራሽ መድረክና የአነቃቂ ንግግር ማይክ ይጠይቃል።

ማታ ቡናው ተፈልቶ ፈንዲሻው ሲዞር አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ስልኩን እያገላበጠ «ወደቅኩ ጋሼ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፈተናውን ነዋ!»

«ፈተናው ስንት ነው?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ስድስት ትምህርት።»

«የቱን ወደቅህ?»

ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። እንግሊዝኛና ባዮሎጂ ከግማሽ በላይ አለው። አፕቲትዩዱም ደህና ነው። የገደሉት ሒሳብና ፊዚክስ ናቸው፤ የዓመቱን ግማሽ የሒሳብ መምህር አልነበራቸውም። «ኬሚስትሪስ?» ብለው «እሷም ትንሽ ናት» ብሎ ሳቀ። እናቱ ከረከቦቱ ኋላ ቀና ብላ አየችው፤ ውጤቱ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ አላየችውም መሰለኝ።

ሞቅ ሲለኝ የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ነገር አነሳሁበት። ማሳችን ውስጥ በልጅነታችን እየቀጠፍን የምንጫወትበት ሐምራዊ አበባ ነበር፤ አቀንጭራ። ከመሬት ሳይወጣ የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጠዋል፤ አበባው ሲታይ ማሽላው ካለቀለት ቆይቷል። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም እስከ 20 ዓመት አፈር ውስጥ ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ወሎንኮሚ አካባቢ ጎጆ ቤት ተወልዶ፣ እናቱ ካልተማርህ ብላ ይዛው፣ 20 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ የተማረው ገቢሳ፣ ያን ንጥረ ነገር እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ ፍለጋ ዓመታት ፈጀ። ከሥራው የወጡት ዘሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን ገቡ፤ አንዱ ጎብዬ፣ ሌላው አብሽር ይባላል። እኛ ወሎዎች አልቃሽ ስናጽናና ከአፋችን የማይጠፋው ቃል በማሽላ ስም ወጥቶ ማየት ደስ ይላል። ሰውየው በ2009 እንደ ፈረንጆች የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ።

ልጁ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ «እሱ አሜሪካ ሄዶ አይደል እንዴ?» አለ።

አባቱ ሳቁን በስኒው ሸፈነ።

ልጁ ልክ ነው። ለሰው ቅርቡ ያለ ሰው ምሳሌ ምን እንደሚያደርግ ተጠንቶም ታይቷል። ተመራማሪዎቹ ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና የኛው ዶክተር አለማየሁ ሥዩም ታፈሰ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ሠርተውታል። ገጠር ውስጥ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ለመንደር ሰው አሳዩ፤ በፊልሙ ያሉት ሰዎች እንደ ተመልካቾቹ ገበሬዎች፣ ቋንቋቸው የተመልካቾቹ ቋንቋ፣ በራሳቸው ጥረት ትንሽ ከፍ ያሉ። ገንዘብ አልሰጡም፣ ስብከት የለበትም። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ፊልሙን ያዩት ካላዩት የበለጠ ቆጥበዋል፣ ልጆቻቸውንም በብዛት ትምህርት ቤት ልከዋል። የሚገርመው ውጤቱ ትልቅ መሆኑ አይደለም፤ ትልቅ አልነበረም። የሚገርመው አንድ ሰዓት የማይበልጥ ፊልም መሆኑ ነው። ግን ዋናው ነገር ሰዎቹ ሩቅ አለመሆናቸው ነው። ገቢሳ ለወንድሜ ልጅ ከጨረቃ ይርቃል።

ቅርብ ያለችው ከነሱ ቤት ሦስት አጥር አልፋ ያለችው ሴት ናት። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ አብራ የተመለሰች ናት። መጀመሪያ ዶሮ አረባች፣ ፈንግል ጨረሰባት። ልብስ ስፌት ከፈተች፣ ጦርነቱ መኪናዋን ወሰደው። አሁን የማንጎና የአቮካዶ ችግኝ አፍልታ ትሸጣለች፤ መንገድ ዳር በጥቁር ላስቲክ የተደረደረው ሁሉ የሷ ነው። ልጁ ውኃ እያጠጣላት በሳምንት ጥቂት ብር ያገኛል። «ለምን እንዳልተወችው ጠይቀሃት ታውቃለህ?» አልሁት። ጠይቋታል። «ዶሮው ነው እንጂ የሞተው እኔ መች ሞትሁ» አለችው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ስለ ገቢሳ ሳወራ አልነበረም።

ከዚህች ሴት ጋር ልጁን የሚሻሙ ሌሎች ተስፋ ሻጮች አሉ። ደላላው ገበያ ውስጥ ነው፤ እንደ ጎረምሳ ዘንጦ፣ በስልኩ ሪያድ ያለ ልጅ ፎቶ እያሳየ። መንገዱ በአፋር ወደ ጂቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳዑዲ። የባሕሩን ነገር ልጆቹ አሳምረው ያውቃሉ፤ ከሐብሩ የሄደ ያልተመለሰ የሌለበት ሰፈር የለም። እንዲያውም የሚያስደንቀኝ ማወቃቸው ነው። እያወቁ «እኔን አያገኘኝም» ብለው ይነሳሉ። ይኼ ከእማ ተስፋ ጋር አንድ ስም ይጠራበት እንጂ አንድ ነገር አይደለም። እማ ዝናቡ ይቀራል ብላ ነው ዘር የምትሰቅለው፤ የደላላው ደንበኛ ዝናቡ አይቀርም ብሎ ጎታውን ይሸጣል። እሷ መጥፎውን ቀን ቀድማ ቆጥራዋለች። የሷን ዓይነት በጎ አሳቢ «ጨለምተኛ» ብሎ የሚጠራ አንድ ሁለት ሰው አውቃለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ ወጣቱን «ተስፋ ሰንቅ» እያለ የሚመክር ሹም ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። እማ ቁጣዋ የሠራው ጣሪያዋ ላይ ሁለተኛ ዘር ስለነበረ ነው። ጊራና ዘመድ ስለነበራት ነው። መምህር የሌለው ክፍል፣ የተዘጋ መንገድ፣ ነገ ትምህርት ይኖር አይኖር ያልታወቀበት ማለዳ — በነዚህ ላይ ልጁ ብቻውን አነጋገሩን እያስተካከለ ሊወጣ አይችልም። ማሳውን ዞሮ የቀረውን መቁጠር ይለመዳል፤ ለመቁጠር ግን የሚቀር ነገር መኖር አለበት። ያንን ማኖር የልጁ ሥራ አይደለም፤ አብዛኛው የኛ የታላላቆቹ ነው። 1977 ዓለም ያየው ተኝቶ የሚሞት ወሎ፣ ከመተኛቱ በፊት ሁለቴ የዘራ ወሎ ነበር።

ያን ሌሊት ወንድሜ ቤት አደርሁ። ልጁ አጠገቤ ተኝቶ ብርሃኑን ዝቅ ባደረገ ስልክ የፊዚክስ ጥያቄ ያያል፤ መሰለኝ። አልጠየቅሁትም። ጠዋት እናቱ ማሽላ እንጀራ በወተት አቀረበች፤ ሳታወጣ ሳታወርድ የዓመቱን የበልግ ተስፋ፣ የማዳበሪያ ዋጋና የጎረቤት ሠርግ አወራችን። ስሄድ ለመንገድ ጥንቅሽ አስያዘችኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ጥንቅሽ ይዞ ሚኒባስ ሲሳፈር ረዳቱ ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ልጁና ሁለት ጓደኞቹ ከአባቱ መሬት የተከራየውን ጥማድ መልሰው ተከራይተው ሽንኩርት ተከሉ። ሲደርስ ዋጋው ወደቀ፤ ለጫኚና ለጆንያ የወጣው እንኳ በቅጡ አልተመለሰም። ይህን የነገረኝ ራሱ ደውሎ ነው። «ከሰርን» እስኪል ጠበቅሁ። «የጆንያውና የጫኚው ነው የጎዳን» አለ፤ «የሚቀጥለውን እዚያው ማሳ ላይ ለሚገዛ ነጋዴ ነው የምንሸጥ።» ከዚያ በግል ተፈታኝነት ሊመዘገብ እንደሆነ ነገረኝና የሒሳብና የፊዚክስ መጽሐፍ እንድልክለት ጠየቀኝ።

«የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ነው ጋሼ፣ የድሮውን እንዳትልክብኝ» አለኝ። «በድሮው ነው የወደቅኩት።»

«ሁለቱን» አልሁት።

«አዎ፣ ሁለቱን። ኬሚስትሪም ካገኘህ ጨምርበት።»